መባ አማርኛ የተማረችበት ምክንያት

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለመሪጌታ ገብረ ሐና፤ ቁሐር ሚካኤል

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ይታይሽስ? ልጅዎ መሲስ? ከብቱስ፣ ደብሩስ? መልአኩ በክንፉ ይጋርዳችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄ መባም ደህና ናት፤ አሁንም እዚሁ ከተማ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን ባቡር ትነዳለች። ባለፈው «ሴት ልጅ ባቡር?» ብለው የሳቁባት እሷው ናት።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለጉዳይ ነው። መባን አማርኛ ያስተምሩልኝ። አዎ፣ በሠላሳ ዓመቷ! እርስዎ ስንቱን የገበሬ ልጅ ከፊደል አንስተው ለቅዳሴ ያበቁ ሰው ነዎት፤ አንዲት የሆላንድ ባቡር ነጂ አታቅትዎትም። መሲ ድምፅዎን በስልኳ ትቅረጽና ትላክልን፤ መባ እየሰማች ትደግማለች፣ የደገመችውንም ትልካለች።

አንቺስ ምን ሠራሽ ይሉኛል። እኔ ልጀምርላት እልና ወዲያው ሆላንድኛው ይቀናናል፤ ሁለታችንም ሳቅ ይዞን እንተወዋለን። እዚህ አገር የሚያስተምር ሰውም አይጠፋም፤ ግን እኔ የምፈልገው የኛን አገር አማርኛ ነው፣ እናቴ የምትናገረውን።

ለምን አሁን? ለከርሞ ጥምቀት ልናያችሁ አስበናል። ዘመድ መሐል ቆማ ጥርሷን ብቻ እያሳየች እንድትውል አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለውም።

እባክዎ ቶሎ ይጀምሩ።

እህትዎ ይርገዱ


ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ለይርገዱ

ሰማይና ምድርን ያጸና አምላክ አንቺንም ያጽናሽ። እኛ በቸርነቱ አለን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል፤ የሩዝ አጨዳ ይዞን ነው የቆየሁት። መሲ ወረታ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች። የምትጽፊውን በወረቀት አውጥታ ታመጣልኛለች፣ የኔንም ጽሕፈት በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። አልፎ አልፎ ኔትወርክ የሚባለው ነገር ሲጠፋ ግን እንጃ፤ ያኔ ዘገየ ብለሽ አትቀየሚኝ።

ልጅቱን ጀምሬያታለሁ። እኔ ዘንድ ሲማሩ አቋራጭ የለም። መጀመሪያ የፊደል ቁጥር፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ዳዊት። የኔ ተማሪ እንደሚማረው ትማራለች፤ ለሆላንድ ብዬ አላቀልም። የላከችውን ድምፅ ይታይሽ ሰምታ «ጠ ስትል ልታስነጥስ የመጣች ይመስላል» ብላ ስትስቅ ዋለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጅቱ ጆሮ አላት። አንድ ጊዜ የሰማችውን አትለቅም።

እስቲ አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ሠላሳ ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሽ ዛሬ «ቶሎ» ማለትሽ ምንድን ነው? ለጥምቀት የሚመጣ ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ካለ ይበቃዋል። ከወደዚህ ባል አግኝታ ይሆን? ከሆነ ቤተሰቡን ሳላጣራ እንዳትድሪ!

ሰላሙ ካንቺ አይራቅ።

ወንድምሽ መሪጌታ ገብረ ሐና


ሮተርዳም፣ የካቲት 3 ቀን 1985 ዓ.ም.

ገብረ ሐና፣ እንዴት ነህ? እመቤቴ አንተንም ቤትህንም ትጠብቅ።

የመባ ንባብ ደርሶናል፤ ማለቴ እሷ እያነበበች ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ያንተን ድምፅ ትከፍታለች። ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የጠየቅኸኝን በቃ ባል ነው ብለህ ያዘው። ወይም አገሯን ትወቅ ብዬ ነው። ምክንያት ምን ያደርግልሃል? ሰው ቋንቋ ሲማር ምክንያት አምጣ ይባላል እንዴ?

ደግሞ እነዚህን አስተምርልኝ። ከዳዊቱ በፊት ይሁኑ።

አመመኝ። በረደኝ። ራበኝ። የት ነው ያለሁት? ቤቴ ውሰዱኝ። መብራቱን አታጥፉብኝ። ፈራሁ። አትሂጂ።

እሷ እነዚህን ስትሰማ እንድታውቅ ነው የምፈልገው። መናገሩ ቢቀርም ግድ የለም፤ መስማቱ ይበልጣል። ብቻ ቶሎ አድርግልኝ ወንድሜ።

ይርገዱ


ቁሐር ሚካኤል፣ መጋቢት 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእታለም ለይርገዱ

ደግ ወሬ ያሰማሽ፤ እኔንም ካንቺ ደግ ወሬ ያሰማኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። «አንተ» ብለሽኛል። መሪጌታ ከተባልሁ ወዲህ «አንተ» ያለኝ ሰው የለም፣ ሚስቴ እንኳ አንቱ ነው የምትለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ጥጃ ስንጠብቅ የምንሰዳደበው ትዝ አለኝ። ኋላ ቀኑን አየሁት። 1985 ብለሽ ጽፈሻል። 1985 መባን የወለድሽበት ዓመት ነው፤ አሁን 2015 ላይ ነን። ያን ጊዜ ደስታዬ ጠፋ።

ቃላቱን ለይታይሽ አነበብሁላት። እሷም «ይህ የእንግዳ ቃል አይደለም፤ የበሽተኛ ቃል ነው» አለችኝ። ማን ነው የታመመው? ልጅቱ ናት እንዳልል እሷ ሰሚ እንድትሆን ነው የፈለግሽው። እንግዲህ ሌላ ማን ቀረ?

ስለ ትምህርቱ አትስጊ። መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ ንባብም በውርድ ንባብም ጨርሳ የመጨረሻውን፣ ቁም ንባቡን፣ ጀምራለች። እዚህ አምስት ዓመት የተቀመጡ አሉ፣ እንደሷ የማያነቡ። ባየህ የሚባለው ተማሪዬ ድምፅዋን ሰምቶ «የማን ደብር ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ያልሻቸውን ቃላት ከዳዊቱ በኋላ እንደርስባቸዋለን፤ ሥርዓቱን ማፋለስ አይሆንልኝም።

አንቺ ግን መልሽልኝ። ክፉም ቢሆን መልሽልኝ።

ገብረ ሐና


ሮተርዳም፣ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ገብረ ሐና

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዛሬ ጥሩ ቀኔ ነው፤ ቀኑንም መባ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ አይታ ነግራኛለች። ስለዚህ በጥሩ ቀኔ እውነቱን ልንገርዎ።

የታመምሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጭንቅላቴን በማሽን አይቶ ስሙን ነገረኝ። የመርሳት በሽታ ነው። መርሳቱን እንኳ ጠርጥሬ ነበር። ያልጠረጠርሁት የሚሄድበትን መንገድ ነው። ኋላ የመጣው ፊት ይሄዳል አለኝ። ሆላንድኛው እየጠፋብኝ ነው መሪጌታ። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ቆሜ ዳቦ ማለት አቃተኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ያማርኛው ነው። ሻጯ «ምን?» አለችኝ፣ እኔም ደግሜ በአማርኛ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሩጬ ወጣሁ።

ከኛ ፎቅ በታች አንዲት የሞሮኮ ሴት ነበረች። ከአረጋውያን መጦሪያ ቤት አስገቧት፣ ልጠይቃት ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ በአገሯ ቋንቋ ትጣራለች። ልጆቿ አይሰሟትም፣ አስታማሚዎቹ «እሺ እሺ» እያሉ ያልፏታል። ምን እንደምትፈልግ ያወቀ አንድም ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሞትን እንዲህ አልፈራሁትም።

ጥፋቱ የኔ ነው። መባ አራት ዓመት ሲሆናት አስተማሪዋ «ሁለት ቋንቋ ልጅቱን ያደናግራታል፤ ቤትም ሆላንድኛ አውሪያት» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ። የተማረች ሰው ተናገረችኝ ብዬ በገዛ ልጄና በኔ መካከል አጥር አጠርሁ።

አይቀየሙኝና ሌላም ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ ተያዘና ሆላንድኛው ድርግም አለብኝ። በአማርኛ ነገርኋት። ዐይን ዐይኔን ታያለች፣ ምንም አልሰማችም። የምታደርገው ሲጠፋት መልእክተ ዮሐንስን ታነበንብልኝ ጀመር፤ በእርስዎ ዜማ፣ አንድ ፊደል ሳትጥል። አለቀስሁ። እሷ ደስ ያለኝ መሰላት።

የቀረኝን ጊዜ አላውቀውም። እንደ ሰው የሚያወራ አማርኛ ይስጡልኝ። ልጄ አጠገቤ ሆና ብቻዬን እንዳልሆን።

ይርገዱ


ቁሐር ሚካኤል፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለይርገዱ

ይህን የምታነቢበት ልቡና እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከዚህ በላይ መመረቅ ዛሬ አልቻልሁም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥር ሥላሴ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ኔትወርኩ ተዘግቶ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት ሦስት ቀን ዝግ ነበር። መሲ ባሕር ዳር ለመድረስ ሐሙሲት ላይ ሁለት ቀን አድራ ነው ያወጣችው። ስለ አካባቢው አትጠይቂኝ። ተማሪዎቼ ሃያ ሦስት ነበሩ፤ አሁን አራት ናቸው። ይኸው ነው።

ስድስት ወር ሙሉ ዝም ያልሁሽ መስሎሽ ኖረሻል። እኔ ደግሞ አንቺ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ተኮፍሼ ነበር። ወይ አለማወቅ!

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ትርጓሜ እስኪገቡ ድረስ የሚያነቡትን ግእዝ አያውቁትም፤ ይህ የታወቀ ነው፣ እኔም እንዲሁ ነው የተማርሁ። ግን እነሱ ከንባብ ሲወጡ «ራበኝ» የሚሉበት አማርኛ ከእናታቸው ይዘው መጥተዋል። መባ ያ የላትም። ይህ አንድ ቀን እንኳ አልታሰበኝም። ንባቧ ሲያምርልኝ በራሴ ተደስቼ ዘጠኝ ወርሽን በላሁብሽ። ይታይሽ ይህን ስነግራት ጮኸችብኝ፤ «ልጅቱን ዲያቆን ሊያደርጓት ነው እንዴ? ሴትዮዋ ውሃ ጠምቷት እርሶ ዳዊት ያስደግማሉ?» አለችኝ።

አሁን አስተማሪዋ እሷ ናት። ላም ስታልብ፣ ጥጃውን ስትቆጣ፣ ከኔ ጋር ስትነታረክ መሲ ትቀርጻለች። ያልሻቸው ቃላት ሁሉ ገብተዋል። አንዱን ሦስት ጊዜ ትለዋለች፦ አንዴ እንደተቆጣ ሰው፣ አንዴ እንደታመመ ሰው፣ አንዴ እንደ ልጅ። ይህን እኔ አላስብም ነበር። ድምፁን በሚሞሪ ካርድ አድርገን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥተናል፤ ከዚያ በኢንተርኔት ይላክላችኋል። እንዳይጠፋ ብዬ ሌላ ካርድ በሌላ ሰው ልኬአለሁ።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። ይህን ስጽፍ የምታነቢው አንቺ መሆንሽን አላውቅም። ጠብቂኝ።

ገብረ ሐና


ሮተርዳም፣ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለየኔታ

እኔ መባ ነኝ። ይህን የምጽፍ እኔ ራሴ ነኝ። ስህተት አለው። መሲ «የኔታ በይ፣ እርስዎ በይ» ብላኛለች። እርስዎ ከባድ ነው። ካጠፋሁ ይቅርታ።

ሁለቱም ካርድ መጥቷል። የእትዬ ይታይሽን ድምፅ ሥራ ላይም እሰማለሁ። ጥጃው ስሙ ቦራ ነው። በጣም መጥፎ ጥጃ ነው።

እናቴ ከግንቦት በኋላ አትጽፍም። ሆላንድኛ የለም። አልቋል። አሁን ስትናገር ብዙውን እሰማለሁ። ራበኝ ስትል አውቃለሁ። አመመኝ ስትል የት እላለሁ፣ ታሳየኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን አንድ ነገር አላውቅም፣ እፈራለሁ። ዝናብ ሲመጣ እናቴ ሌላ ሰው ትሆናለች። ጫማ፣ ዳቦ፣ ትራስ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ታወጣለች። ከዚያ እሷ ትወጣለች። አውርጃት እሷ ትመታኛለች። ባለፈው ሳምንት ወድቃ ክንዷ ተጎዳ። እጇን ወደ ታች ትዘረጋና «ልጁን አቀብዪኝ! ልጁን!» ትላለች። አቀብዪኝ ማለት ስጪኝ ነው፣ መሲ ነገረችኝ። ግን ቤታችን ልጅ የለም። እኔና እናቴ ብቻ ነን። ቀን ነው፣ ብርሃን ነው፣ ግን እሷ ወለሉን ስታይ እኔም ወለሉን አያለሁ፣ ፀጉሬ ይቆማል።

እዚህ ዝናብ ብዙ ነው። ሐኪሙ ተኝታ የምትውልበት መድኃኒት ልስጣት ይላል። ከሰጣት አትናገርም። ካልሰጣት ትወድቃለች። ልጁ ማን ነው? ምን ልበላት?

መባ


ወረታ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመባ

የእናትሽ አምላክ ካንቺ ጋር ይቁም። ዛሬ ኔትወርክ አለ ብላ መሲ ስላስጠራችኝ በእግሬ ወረታ ገብቼ እዚሁ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ያልገባሽን መሲ ታስረዳሽ።

ልጁ አንለይ ነው። የእናትሽ ታናሽ ወንድም። አገራችን ሜዳ ነው ልጄ፤ ክረምት ጉማራ ሲሞላ ውሃው በዝግታ እየተሳበ ይመጣል፣ ድምፅ የለውም። እናትሽ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት፤ ያን ቀን እነሱ ቤት ነበርሁ። ውሃው በጎጆው በር ገባ። የእናትሽ እናት እኛን ሁለታችንን ቆጥ ላይ አወጣችን። ቆጥ ማለት ጣሪያው ሥር ያለ የእንጨት መደብ ነው፤ እህሉን፣ ጫማውን፣ ያለውን ሁሉ እዚያ ሰቀለች። አንለይ ገና ይድሃል፤ ጀርባዋ ላይ ነበር። ውሃው ወገቧ ሲደርስ ልታቀብለን ከጀርባዋ አውርዳ ስታነሣው አዳልጧት ሁለቱም ገቡ። እናትሽ እጇን ዘርግታ «ልጁን አቀብዪኝ» እያለች ትጮህ ነበር። እኔ አልጮህሁም። ድምፄ ጠፍቶ ነበር። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጀምር በሩን በሩን አያለሁ፤ ይህን ለይታይሽም ነግሬያት አላውቅ።

አንለይ ግን ያን ቀን አልሞተም። እናትየዋ ምሰሶውን ይዛ ወጣች፣ ልጁንም አወጣችው። አድጎ፣ አግብቶ፣ አምስት ወልዶ ነው ያረፈ። እናትሽ ይህን ታውቃለች፤ ግን አሁን ያለችው ቆጡ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ገና አላየችም።

ስለዚህ እንዲህ በያት። አትጎትቻት። ከታች ቁሚና እጅሽን ስጫት፤ «አንለይ እኔ ጋ ነው፤ ደርቆለታል፤ ጡት እየጠባ ነው። ውሃው ጎድሏል፤ ውረጂ» በያት። በሦስተኛው ቀን አባቷ በታንኳ መጥቶ ያወረደን እንዲሁ ብሎ ነው። ሳትቸኩይ በይው። ይታይሽ በድምፅ ቀርጻዋለች፤ እስኪለምድሽ ድረስ ስሚው።

መድኃኒቱን ትንሽ አስጠብቂልኝ።

የኔታሽ ገብረ ሐና


ሮተርዳም፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ፣ ለእትዬ ይታይሽ፣ ለመሲ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አለሁ። እናቴም አለች።

ሠራ። መጀመሪያ ቀን ድምፄ ተንቀጠቀጠና አላመነችኝም። በሁለተኛው ዝናብ «ጡት እየጠባ ነው» ስላት ቀና ብላ አየችኝ። «ጠባ?» አለች። «ጠባ» አልሁ። እጄን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። የሐኪም ቤቷ ነርስ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ምን አልሻት?» ብላ ጠየቀችኝ። መተርጎም ሞከርሁና ሆላንድኛ ምንም አይመስልም፤ ተውሁት። መድኃኒቱ ቀርቷል።

አሁን ብዙ እናወራለን። ስለ ቦራ ነገርኋት፣ ሳቀች። እንደዚህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በሆላንድኛ ስትናገር ጨዋ ሴት ነበረች፤ በአማርኛ ተሳዳቢ ናት! ሠላሳ ዓመት ከሌላ ሴት ጋር የኖርሁ መሰለኝ።

ትናንት ፀጉሯን አበጥርላት ነበር። ከመስተዋቱ ውስጥ ትኩር ብላ አየችኝና «አንቺ ልጅ አማርኛሽ የኛ አገር ነው። የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የይርገዱ ልጅ ነኝ» አልኋት።

ራሷን ነቀነቀች። «አይደለሽም። የይርገዱ ልጅ አማርኛ አትሰማም፤ እናቷ አላስተማረቻትም።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምስኪን ናት። ለሷ የማልነግራት ብዙ ነገር አለኝ። አንቺ ትሰሚኝ የለም? ላንቺ ልንገርሽ» አለችኝ። ነገረችኝም። እኔን ስትወልድ ምን ያህል እንደፈራች። ስታቅፈኝ በምን ስም ትጠራኝ እንደነበር፣ ያን ስም ለምን እንደተወችው። ሁሉንም ሰማሁ የኔታ። አንድ ቃል አልጠፋብኝም። ማበጠሪያውን ይዤ ቆምሁ፤ እያለቀስሁ እንደሆነ እንዳታይ ከኋላዋ ሆንሁ።

ነገም ትጠይቀኛለች። ልጅሽ ነኝ ብዬ ብከራከራት ትፈራኛለች፣ ዝም ትላለች። እንግዳ ነኝ ብላት ታወራኛለች፤ ግን ልጇ ሳትመጣ ትቀርባታለች። የትኛውን ልበላት? እዚህ የሚጠየቅ ሰው የለኝም። ይህን ጥያቄ በሆላንድኛ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

መባ